ማደስ ወይስ መጠገን?

አንድ አሮጌ ሕንፃ ዙሪያው በቆርቆሮ ታጥሮ ሠራተኞች ሲገቡበት፣ አጥሩ ላይ ከሚለጠፈው ጽሑፍ ውስጥ አንድ ቃል አይጠፋም፤ «እድሳት»። አይተን እናልፋለን። እንዲያውም ደስ ይለናል፤ የተረሳው ታሰበ፣ የዘመመው ሊቃና ነው እንላለን። ደስታውን አልነቅፍም። ቃሉን ግን እጠረጥረዋለሁ።

«አደሰ» ማለት አዲስ አደረገ ማለት ነው። መታወቂያ ይታደሳል፣ ውል ይታደሳል፣ የንግድ ፈቃድ ይታደሳል። በእነዚህ ሁሉ የአሮጌው ወረቀት ዕድል የሚያሳስበው ሰው የለም፤ የመታወቂያ ዋጋ ከወረቀቱ ላይ አይደለምና። የአራት መቶ ዓመት ግንብ ዋጋ ግን ከራሱ ከድንጋዩና ከኖራው ውስጥ ነው። ያን ድንጋይ ያስቀመጠ እጅ፣ ያን ኖራ ያቦካ ሰው፣ በላዩ ያለፈ ዝናብና ጭስ ሁሉ እዚያው አሉ። ይህን ግንብ «አድሱልን» ብለን ለሥራ ተቋራጭ ስንሰጥ ቃሉ ራሱ ፈቃድ ይሆነዋል። አዲስ አድርግ ብለነዋልና አዲስ ያደርገዋል።

አማርኛ ለዚህ ሥራ የተሻለ ቃል አለው፤ «ጠገነ»። ዛሬ መኪናም ሬዲዮም ይጠገናል፤ የቃሉ ነባር ቤት ግን አጥንት ነው። ሰው ሲሰበር ወደ ጠጋኝ ይወሰዳል። ጠጋኙ በጣቱ ዳስሶ ስብራቱን ያገኘዋል፣ አጥንቱን ወደ ቦታው ይመልሰዋል፣ በእንጨት ደግፎ ያስረዋል፣ ከዚያም እጁን ይሰበስባል። አዲስ አጥንት አይሰጥም፤ ደኅናውን አይነካም። ያሰረው እንጨትም የአካል ክፍል ሆኖ እንዲቀር የታሰበ አይደለም፤ ቀኑ ሲደርስ ይፈታል። ስለ ታሪካዊ ሕንፃዎች አጠባበቅ የተጻፉትን መርሖዎች ባነበብሁ ቁጥር በዓይነ ኅሊናዬ የሚመጣው ይህ ሰው ነው። የሥነ ሕንፃ ባለሙያ አይደለሁም፤ የመጻሕፍት ሰው ነኝ። ሆኖም ነገሩ ለመጻሕፍት ሰው እንግዳ አይደለም።

ክርክሩ ራሱ ከሥነ ጽሑፍ መንደር ብዙ አይርቅም። ቪክቶር ሁጎ እ.ኤ.አ. በ1831 ያሳተመው ልብ ወለድ በወቅቱ ለተጎሳቆለው ለፓሪሱ ኖትር ዳም የሕዝብን ልብ ቀሰቀሰ። ከዓመታት በኋላ ሥራውን ከያዙት አርክቴክቶች አንዱ የነበረው ቪዮሌ ለ ዱክ ደፋር ሰው ነበረ። እርሱ እንደሚያምነው አንድን ሕንፃ መመለስ ማለት ምናልባት በየትኛውም ዘመን ባልነበረው ሙሉ መልክ ማቆም ነው። በእንግሊዝ ደግሞ ሃያሲው ጆን ራስኪን በ1849 ባሳተመው መጽሐፉ እንዲህ ያለውን ሥራ ከነጭ ውሸት ቆጠረው። ገጣሚው ዊልያም ሞሪስም በ1877 ጥንታውያን ሕንፃዎችን ከአዳሾቻቸው የሚከላከል ማኅበር አቋቋመ። ከሦስቱ ለእኔ የሚቀርበኝ ሞሪስ ነው። ራስኪን ሕንፃው ሞቱ ሲደርስ በክብር ይሙት እስከ ማለት ይሄዳል፤ ይህ ብዙ ሕንፃ ላለው አገር ይቀል ይሆናል፤ ጥቂት ላለው ግን ከባድ ምክር ነው። ሞሪስ የሚመክረው የዕለት እንክብካቤን ነው። የሚያፈስሰውን ጣራ ዛሬ ድፈን፣ የዘመመውን ዛሬ ደግፍ፣ ነገ ትልቅ እድሳት አያስፈልግህም ነው ነገሩ። የዘመቻ ሰዎች ለሆንነው ለእኛ ይህ ምክር አሰልቺ ነው። ክረምት ከመግባቱ በፊት አሸንዳ መጥረግ አይመረቅም፤ ሪባንም አይቆረጥለትም።

ከዚህ ሁሉ ሙግት በኋላ እ.ኤ.አ. በ1964 በቬኒስ ከተማ የተሰበሰቡ ባለሙያዎች ዛሬም ድረስ የሚጠቀሰውን ቻርተር አጸደቁ። አጭር ሰነድ ነው፤ አንቀጾቹ አሥራ ስድስት ብቻ ናቸው። ከውስጡ ሁለት ነገር በልቤ ይዤያለሁ። አንዱ፣ ግምት ከጀመረበት ቦታ የመመለሱ ሥራ ያቁም የሚለው ነው። ሁለተኛው፣ የጎደለውን የሚተካ አካል ከነባሩ ጋር ይስማማ፣ ግን ቀርቦ ለሚያይ ሰው ይለይ የሚለው ነው።

የብራና ጽሑፎችን የሚያውቅ አንባቢ ፈገግ ይበል። ጥንታዊ መጽሐፍ ለኅትመት የሚያዘጋጅ ሊቅ አይጥ የበላው መስመር ሲገጥመው ምን ያደርጋል? ባዶውን ባዶ አድርጎ ያሳያል፤ ግምት ካለው በግርጌ ወይም በቅንፍ ያኖረዋል። መስመሩን በራሱ ድርሰት ሞልቶ እንደ ጥንቱ አስመስሎ ቢያትም ወንጀለኛ ነው እንላለን፤ ድርሰቱ ያማረ ከሆነ ደግሞ ይበልጥ ወንጀለኛ ነው። የቀድሞ ጸሐፍትም ቃል ሲዘሉ ከኅዳግ ላይ ጽፈው የሚገባበትን ቦታ በምልክት ያሳዩ ነበር። እርማቱ እርማት እንደ ሆነ ይታወቃል። ድንጋይ ላይ ስንደርስ ይህ ጥንቃቄ ለምን እንደሚጠፋን አይገባኝም።

መርሖው ግን በወረቀት ላይ ብቻ የሚኖር ነገር እንዳይመስል ወደ ኖራ ልውረድ። ከሁሉ የሚማርከኝ ይህ ክፍል ነው።

ኖራ የሚገኘው የኖራ ድንጋይን በእቶን ውስጥ 900 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሚደርስ ሙቀት በማቃጠል ነው። ድንጋዩ ያዘለውን ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይለቅቃል። ከዚያ ውኃ ሲያገኝ ይፈላል፣ ይፈነዳል፣ በመጨረሻም እንደ ቅቤ የለሰለሰ ሊጥ ይሆናል። ከአሸዋ ጋር ተቦክቶ በድንጋይና በድንጋይ መካከል ሲገባ፣ ያን የለቀቀውን አየር ቀስ በቀስ ከከባቢው መልሶ ይስባል፤ እየዋለ እያደረም ወደ ድንጋይነቱ ይመለሳል። ቢሆንም ከድንጋይ ይልቅ ለስላሳና ቀዳዳማ ሆኖ ነው የሚቀረው። ግድግዳው ያስገባው እርጥበት በኖራው በኩል ይተነፍሳል። መሬት ትንሽ ስትንቀሳቀስ ድንጋዩ ሳይሆን ኖራው ይሰነጠቃል። ጨው ሲመጣ ኖራው ይበላል። በአጭሩ ኖራ ስለ ድንጋዩ የሚሞት ነገር ነው፤ ሲያልቅ ተፍቆ ይወጣና ሌላ ይገባል።

ሲሚንቶ ሌላ ጠባይ አለው። በ1824 በእንግሊዝ የባለቤትነት ፈቃድ የወጣለት ፖርትላንድ ሲሚንቶ በቶሎ ይደርቃል፣ ይጠነክራል፣ ውኃ አያሳልፍም። ለአዲስ ሕንፃ መልካም ነው። በአሮጌ ግድግዳ ውስጥ ሲገባ ግን በሩ የተዘጋበት እርጥበት በድንጋዩ በኩል መውጫ ይፈልጋል፤ ሲወጣ የያዘው ጨው ከድንጋዩ ገጽ በታች እየረጋ ቆዳውን ይልጠዋል። ጥቂት ዓመታት አልፈው ቢያዩት መጋጠሚያው ደኅና ቆሞ ድንጋዩ ወደ ውስጥ ተቦርቡሮ ይገኛል። ተጠጋኙ አልቆ ጥገናው ቀረ ማለት ነው። ላውጣው ቢሉም ከድንጋዩ ጋር ተጣብቋልና የድንጋዩን ጠርዝ ይዞ ይወጣል።

ጥገናው ከሕሙሙ ጠንክሮ ሕሙሙን የጎዳበት ምሳሌ በአቴንስም አለ። የፓርተኖንን ዓምዶች የሠሩ ጥንታውያን ግሪኮች እብነ በረዱን በብረት ሲያያይዙ ብረቱን እርሳስ አልብሰው ነበር። በሃያኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ሥራውን የመራው መሐንዲስ ባላኖስ ግን ያለ እርሳስ ብረት አስገባበት። ብረቱ ዛገ፣ አበጠ፣ እብነ በረዱን ከውስጥ ፈለጠው። እ.ኤ.አ. ከ1980ዎቹ ጀምሮ እዚያ የሚደክሙት ባለሙያዎች ከሥራቸው ብዙው የቀደመውን ጥገና መጠገን ሆነ፤ ብረቱን እያወጡ በማይዝገው ቲታንየም ተኩት። ባላኖስ ክፉ ሰው አልነበረም፤ በዘመኑ አዲስ የነበረውን ነገር አምኖ ነበር። እኛም ዛሬ የምናምነው አዲስ ነገር አለን። ለዚህ ነው ከመርሖዎች ሁሉ «የሚፈታ ይሁን» የሚለው ትሕትና ያለበት የሚመስለኝ። የነገው ሰው ከእኛ የተሻለ ቢያውቅ የእኛን ማሰሪያ ያለ ጉዳት ይፍታው።

ይህን ይዤ ወደ ጎንደር ልምጣ። የፋሲል ግቢ አብያተ መንግሥት በድንጋይና በኖራ የቆሙ ናቸው። በጣልያን ወረራ ዘመን በተደረገው ጥገና ሲሚንቶና አርማታ ገባባቸው፤ ከዚያ ወዲህ የመጡ ጠጋኞችም ወደ ኖራ ለመመለስ ደከሙ። በ2017 ዓ.ም. ደግሞ ሰፊ ሥራ ሲሠራበት የግንቡ መልክ ነጣ ተብሎ ብዙ ሰው ተቆጣ። ቁጣውን ሳየው ሁለት ነገር ተሰማኝ። በመጀመሪያ ደስ አለኝ፤ የአንድ ግድግዳ ቀለም ሕዝብን ማነጋገሩ ቀላል ነገር አይደለም። ቀጥሎ ግን ክርክሩ ከገጽ ላይ መቅረቱ አሳዘነኝ። አዲስ ኖራ ነጭ ነው፤ ዝናብና ፀሐይ ሲፈራረቁበት ይጠቁራል። ፋሲልም ግንቡን ሲያስመርቅ ዛሬ የምንወደው ጥቁረት አልነበረበትም። ስለዚህ ነጭነት ለብቻው ጥፋትን አይመሰክርም፤ አለመንጣትም ንጽሕናን አይመሰክርም። መጠየቅ የነበረብን ከቆዳው በታች ያለውን ነበር። መጋጠሚያው ውስጥ የገባው ምንድን ነው? ከነባሩ ኖራ ጋር ተነጻጽሯል ወይ? ምን ያህሉ ተፈቅቶ ወጣ? የትኛው ድንጋይ ነባር፣ የትኛው ምትክ ነው? ይህስ የት ተመዝግቧል? ሕንፃውን የሚወድድ ሕዝብ እነዚህን ጥያቄዎች በቃሉ ቢይዝ ባለሙያውም ይታገዛል።

አሁን የሚጠብቀኝን ተቃውሞ አውቀዋለሁ፤ ከባድ ነውና በቶሎ አላልፈውም። «ይህ ሁሉ የድንጋይ አገር ሰዎች ወግ ነው፤ እኛ ግን የጭቃና የሣር ሰዎች ነን» ይባላል። እውነት ነው። የሣር ክዳን ካልታደሰ ይበሰብሳል፤ ለእርሱ መጠገን ማለት ማደስ ነው። ጃፓኖች የኢሴን መቅደስ በየሃያ ዓመቱ ከጎኑ አዲስ ሠርተው አሮጌውን ያፈርሳሉ፤ የመጨረሻው በ2013 ተሠርቷል። እዚያ የሚጠበቀው እንጨቱ ሳይሆን እንጨቱን የሚጠርበው እጅ ነው። እ.ኤ.አ. በ1994 በጃፓኗ ከተማ በናራ የተጻፈው ሰነድም የአንድ ቅርስ እውነተኛነት በየባህሉ ሚዛን ይመዘን ብሎ የቬኒሱን ቻርተር አለዝቦታል። ስለዚህ «እድሳት» የሚለው ቃል ከነጭራሹ ይጥፋ አልልም። ሣሩ ይታደስ፤ ልስኑ ይታደስ። ይህ ግን ባላገሩ ክዳን መክደን እስካወቀ ድረስ ነው። እጁ ከጠፋ፣ ሣሩ በቆርቆሮ ጭቃው በብሎኬት ሲተካ ያ የኢሴ ምሳሌ አይረዳንም።

በልጅነቴ የማውቃት አንዲት የገጠር ቤተ ክርስቲያን ነበረች። ክብ ናት፤ በመቅደሷ ግድግዳ ላይ በጨርቅ የተለጠፉ ሥዕሎች ነበሩባት። የአጥቢያው ሰው ለዓመታት ከጉሮሮው ነጥቆ ገንዘብ አዋጣና በሲሚንቶና በሚያብረቀርቅ ቀለም አዲስ ሠራላት። አሮጌዋ ፈረሰች፤ ሥዕሎቹ ተጠቅልለው ዕቃ ቤት ገቡ፤ እዚያው እርጥበት በላቸው። በበዓሏ ቀን ተገኝቼ ነበር፤ እናቶች በደስታ ያለቅሱ ነበር። ያን እንባ ሐሰት ነው ለማለት አልደፍርም። ለእነርሱ ቅድስናው በታቦቱ ላይ ነው፤ ግድግዳው ልብስ ነው፤ እናት ልጇን አዲስ ልብስ ስታለብስ ማን ይቆጣታል? የአውሮፓ ቻርተሮች ይህን ዓይነት ፍቅር በበቂ የተረዱት አይመስለኝም።

ነገር ግን መፍትሔው ከራሳችን ዘንድ አለ። አክሱም ጽዮን ግቢ ይሂዱ። አፄ ፋሲል በአሥራ ሰባተኛው ክፍለ ዘመን ያሠሯት ቤተ ክርስቲያን አለች፤ አፄ ኃይለ ሥላሴ ደግሞ ሴቶችም የሚገቡባትን ሰፊ፣ ባለ ጉልላት ቤተ ክርስቲያን ከአጠገቧ አሠሩ። አዲሲቱን ለመሥራት አሮጌይቱን ማፍረስ አላስፈለገም። ሁለቱም ቆመዋል። የእኔ አጥቢያ ሰዎች ይህን ምሳሌ የነገራቸው ሰው ቢኖር ኖሮ ቦታው አልጠበበም ነበር።

መርሖ ብቻውን ግን እንደማያድን ላሊበላ ትመሰክራለች። በ1950ዎቹ በተደረገው ጥገና ፍልፍል አብያተ ክርስቲያናቱ ዝናብ እንዳያስገቡ ካትራምና ቀይ ቀለም ተቀቡ፤ በ1960ዎቹ የመጣው ጣልያናዊው አንጀሊኒ ያን ሲያስለቅቅ ደከመ። እ.ኤ.አ. በ2008 ደግሞ በአምስቱ ላይ በብረት ምሰሶ የቆሙ ትልልቅ መጠለያዎች ተተከሉ። በመርሖ ሚዛን መጠለያ ደግ ነገር ነው፤ ዓለቱን አይነካም፤ ሲፈለግ ይነሣል። ነገር ግን የጊዜያዊ ነገር ጠባይ ይታወቃል። ከአሥር ዓመት በኋላ በ2018 የከተማዋ ሰው ሰልፍ ወጥቶ መጠለያው ወድቆ አብያተ ክርስቲያናቱን ሳይሰብር ይነሣልን ብሎ ጮኸ። «የሚፈታ» የተባለ ማሰሪያ የሚፈታበት ቀንና የሚፈታው ሰው ካልተቆረጠለት ከቋሚው ይከፋል። ጠጋኙ እንጨቱን አስሮ ከአገር ቢጠፋስ?

ስለ አዲስ አበባ ብዙ ለማለት ልቤ አይፈቅድም። በ2016 ዓ.ም. የፒያሳ አሮጌ ሠፈር ትልቁ ክፍል ሲፈርስ በቅርስነት የተመዘገቡ አንዳንድ ቤቶች ቆመው ቀርተዋል። መትረፋቸው መልካም ነው። ሆኖም የቬኒሱ ሰነድ ሐውልትን ከአካባቢው አይነጥልም፤ ይህም አንድ ቃል ከዐረፍተ ነገሩ ተነጥሎ ትርጉሙን እንደማያድን ማለት ነው። ያ ሰገነት ያለው የእንጨት ቤት በአስፋልት መካከል ብቻውን ሲቆም መንገዱን፣ ጎረቤቱን፣ ከታች ቡና የሚቆላበትን ሱቅ አይናገርም። በሌላ በኩል በሚያፈስስ የቀበሌ ቤት ውስጥ ልጅ የሚያሳድግ ሰው «ቅርስ ነው፣ አትንካ» ሲባል የሚሰማውን ምሬት በአሮጌ ፎቶግራፍ የምንደሰት ሰዎች ልንንቀው አይገባም። ቤቱን ጠብቅ የምንለው ሰው ጣራውን የሚደፍንበት ገንዘብ ካላገኘ ጠባቂው እኛ ሳንሆን እርሱ ነው፤ ያውም በነጻ። በዚህ ጉዳይ ከከተማው ይልቅ የምወቅሰው የዝም አሉ ባዮችን ሠፈር ነው፤ ቤቶቹ ሲዘምሙ ሠላሳ ዓመት ዝም ብለን ግሬደር ሲመጣ ግጥም እንጽፋለን።

ሕግ የለንም እንዳንል አለን። የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ማንኛውም የቅርስ ጥገና አስቀድሞ በባለሥልጣኑ እንዲፈቀድ ያዝዛል። እኔ በዚህ ላይ አንድ ትንሽ ልማድ ቢጨመር እወዳለሁ። የብራና ጸሐፊ ሥራውን ሲፈጽም ከመጨረሻው ቅጠል ላይ ስሙን፣ ያስጻፈውን፣ ብዙ ጊዜም ዘመኑን አስፍሮ «ጸልዩልኝ» ይላል። የቬኒሱም ሰነድ በመጨረሻ አንቀጹ የተሠራው ሁሉ በጽሑፍ፣ በሥዕልና በፎቶግራፍ ተመዝግቦ ለተመራማሪ ክፍት ይሁን ይላል። እንግዲያው ከተጠገነው ሕንፃ አንድ ጥግ ላይ ትንሽ ድንጋይ ትቀመጥ፤ በዚህ ዓመት፣ በእነ እገሌ እጅ፣ ከዚህ መስመር እስከዚህ መስመር ድረስ፣ በዚህ ዓይነት ኖራ ተጠገነ ትበል። ዝርዝሩ በከተማው ቤተ መጻሕፍት ይቀመጥ፤ ማንም ተማሪ ገብቶ ያንብበው። የባለሥልጣን ስም ያለበት የእብነ በረድ ሰሌዳ ለማስቀረጽ ገንዘብ አላነሰንም፤ የግንበኛው ስምና የኖራው ልክ ከዚያው ሰሌዳ ሥር ሁለት መስመር ቦታ ይበቃቸዋል።